አዳምና ድንቅነሽ በአንድ ቤት

በዚህ ዘመን ልጅ በሚያድግበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ውሎ አድሮ ሳይነሣ አይቀርም። በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ አዳምና ስለ ሔዋን የተማረ ልጅ፣ በዘወትር ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስለ ድንቅነሽና ስለ ዝግመተ ለውጥ ተምሮ ይመለስና «እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን ልመን?» ይላል። እኛ ወላጆችም አብዛኛውን ጊዜ ወይ «ይህ የከሓድያን ትምህርት ነው» ብለን እናስደነግጠዋለን፤ ወይም «ለፈተናው ያህል አጥናው» ብለን እናልፈዋለን። ሁለተኛው ምክር ከመጀመሪያው የሚብስ ይመስለናል፤ ልጁን በአንድ አፍ ሁለት ቃል መናገርን ያስተምረዋልና።

ይህን ለመጻፍ የተነሣነው ነገሩ በዘመዶቻችን ቤት ያደረሰውን ኀዘን በቅርብ ስላየን ነው። ስለ እርሱ ከመናገራችን በፊት ግን ጠቡ ከወዴት እንደ መጣ መመርመር ይገባል፤ ብዙ ሰው ጠቡ ከክርስትና ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለዋልና። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው ኖቬምበር 24 ቀን 1859 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ሲነገር፣ ሕያዋን ፍጥረታት ሁሉ ከወላጆቻቸው በጥቂቱ እየተለዩ ይወለዳሉ፤ ለሚኖሩበት ስፍራ የሚስማማ ጠባይ ይዘው የተወለዱት ይበልጥ ይተርፋሉ፣ ይበልጥም ይወልዳሉ፤ ይህም በእጅግ ብዙ ዘመን ሲደጋገም አንዱ ዝርያ ወደ ሌላ ይለወጣል የሚል ነው። መጽሐፉን የተቃወሙት ካህናት ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበረው ቻርልስ ኪንግስሊ መጽሐፉን አንብቦ ለደራሲው የምስጋና ደብዳቤ ጽፎለታል፤ በአሜሪካም ግንባር ቀደም ሆኖ ለዳርዊን የተከራከረው የሃርቫርዱ የዕፀዋት ሊቅ ኤሳ ግሬይ ጽኑ ክርስቲያን ነበረ። የዘር ውርስን ሕግ ከአተር ተክል ላይ መርምሮ ያወጣው ግሬጎር ሜንደል ደግሞ በገዳም የሚኖር መነኩሴ ነበረ።

መሠረታውያን፣ በባዕድ ቃል ፈንዳሜንታሊስት የሚባሉት ወገኖች ስማቸውን ያገኙት ከ1910 እስከ 1915 ዓ.ም. በአሜሪካ በ12 ክፍል ከታተሙ ጽሑፎች ነው። ወጪውን የቻለው ላይመን ስቱዋርት የተባለ የነዳጅ ዘይት ባለጸጋ ነበረ። ጽሑፎቹ የተዘጋጁት የጌታን ከድንግል መወለድና ከሙታን መነሣት እንደ ተረት ቈጥረው የሚያስተምሩትን ምሁራን ለመቃወም ነው፤ በዚህ ነገር እኛም ከእነርሱ ጋር የምንጣላበት ምክንያት የለንም። የሚያስደንቀው ግን ከጸሐፊዎቹ አንዱ፣ የስኮትላንዱ የነገረ መለኮት ሊቅ ጄምስ ኦር፣ ዝግመተ ለውጥ በፈጣሪ መሪነት ሊሆን እንደሚችል የሚቀበል ሰው መሆኑ ነው። ጠቡ የጠናው ከዚያ በኋላ ነው።

የጠናበት ስፍራ በቴነሲ ክፍለ ግዛት ያለች ዴይተን የተባለች ታናሽ ከተማ ናት። በ1925 ዓ.ም. የቴነሲ ምክር ቤት ሰው ከዝቅተኛ እንስሳ ወገን መጥቷል ብሎ በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የ24 ዓመቱ መምህር ጆን ስኮፕስ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሕጉን ተላልፈሃል ተብሎ ለፍርድ ቀረበ። እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ የተዶለተው በከተማዪቱ መድኃኒት መሸጫ ቤት ውስጥ ነበር፤ የከተማው ሰዎች በዚህ ክስ ምክንያት ዴይተን ስሟ እንዲጠራ ፈልገው ነበርና። በከሳሽ ወገን ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ቆመ፤ በተከሳሽ ወገን ስመ ጥሩው ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ቆመ። ዳሮውም ብራያንን ራሱን በምስክር ወንበር አስቀምጦ ስለ ዮናስ፣ ስለ ጥፋት ውኃና ስለ ፍጥረት ቀናት ይጠይቀው ጀመር። ብራያን ሲመልስ ስድስቱ ቀናት ግድ የ24 ሰዓት ቀን ማለት አለመሆናቸውን፣ ረጅም ዘመናትም ሊሆኑ እንደሚችሉ ተናገረ። የመሠረታውያን ጠበቃ ተብሎ እስከ ዛሬ የሚዘበትበት ሰው የተናገረው ይህን ነው። ስኮፕስ 100 ዶላር ተቀጣ፤ በ1927 ዓ.ም. ግን የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መቀጮውን የወሰኑት ፈራጆቹ የከተማ ሰዎች ሳይሆኑ ዳኛው ብቻውን ነው ሲል ፍርዱን ሻረው። ብራያን ፍርዱ በተሰጠ በአምስተኛው ቀን እዚያው ዴይተን ሞተ።

ስለዚህ ክርክር ሲወራ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። የተከሰሰበት የሥነ ሕይወት መማሪያ በ1914 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ የሰውን ልጅ በአምስት ዘር ከፍሎ ነጩን የሁሉ የበላይ ያደርገዋል፤ ጥቁሩን ዘር የጠራውም «ኢትዮጵያዊ» በሚል ስም ነው። ደካማ አእምሮ አላቸው የሚላቸውን ሰዎች ዘር እንዳይተኩ መከልከል እንደሚገባም ይመክራል። ብራያን፣ ኃይለኛው ደካማውን መርገጡ የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚል ትምህርት በልጆች ልብ እንዳይዘራ ሲፈራ የፈራው ከንቱ ፍርሀት አልነበረም። እኛም በዚያን ጊዜ በዴይተን ብንገኝ ኖሮ፣ ያን ገጽ አንብበን ከብራያን ጎን ሳንቀመጥ የምንቀር አይመስለንም። ነገር ግን ያ ክፋት ከዘመኑ ሰዎች ትዕቢት የመጣ እንጂ ከአጥንትና ከድንጋይ የተነበበ አልነበረም። የዛሬው የዘር ምርመራ የሰው ልጅ ሁሉ ከአፍሪካ የወጣ አንድ ቤተሰብ መሆኑን ያስረዳል፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ስለ ሕዝቦች ሁሉ አንድነት ካስተማረው ጋር ይህ እምብዛም የሚራራቅ አይደለም።

ምድር ከተፈጠረች 6000 ዓመት ያህል ብቻ ነው የሚለው ትምህርት በአሜሪካ በእጅጉ የተስፋፋው በ1961 ዓ.ም. ጆን ዊትኮም የተባለ የነገረ መለኮት መምህርና ሄንሪ ሞሪስ የተባለ የውኃ መሐንዲስ ስለ ኖኅ ጥፋት ውኃ አንድ መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላ ነው። እንደ እነርሱ አባባል፣ የድንጋይ ንብርብርና በውስጡ የተቀበረው አጥንት በአብዛኛው የአንድ ዓመት ጎርፍ ያከማቸው ነው። ሐሳቡን በብዛት የቀዱት ጆርጅ ማክሬዲ ፕራይስ ከተባለ የአድቬንቲስት ጸሐፊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በ1968፣ በ1987 እና በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ቀርቦ መሠረታውያኑ ሁልጊዜም ተረትተዋል፤ ፍርድ ቤት ግን ልብን አያሳምንምና ትምህርቱ አልቀረም። እንዲያውም በተንቀሳቃሽ ምስል እየተቀረጸ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ልጆች እጅ ደርሷል።

የ6000ው ቁጥር ዝናውን ያገኘው በአየርላንድ የአርማ ሊቀ ጳጳስ ከነበረው ከጄምስ አሸር ነው። አሸር በ1650 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራው የአባቶችን ዕድሜ ደምሮ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት፣ ኦክቶበር 23 ቀን ነው አለ። ይህ ቁጥር በኋላ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኅዳግ ላይ ስለ ታተመ ብዙ አንባቢ ከመጽሐፉ ቃል ጋር አንድ አድርጎ ተቀበለው።

አሁን አንባቢያችን መስከረም አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚታወጀውን ያስታውስ። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቀው ሊቅ 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ይደምርና ዓመተ ዓለሙን ያገኛል፤ ይህም ዛሬ ከ7500 አልፏል። ድምሩን ለ4 ሲያካፍለው ትራፊው አንድ ቢሆን ዘመኑ የማቴዎስ ነው፤ ሁለት ቢሆን የማርቆስ፤ ሦስት ቢሆን የሉቃስ፤ ያለ ትራፊ ቢካፈል የዮሐንስ ነው። እንደ ገና ለ19 አካፍሎ ከትራፊው አንድ ቢቀንስ ወንበሩን ያገኛል፤ ከወንበሩም አበቅቴውና መጥቅዑ ይወጣሉ፤ ከመጥቅዑም ጾመ ነነዌ የሚገባበት ቀን ይታወቃል። እንግዲህ የእኛ 5500 በየዓመቱ ጾማችንን የምንገባበት፣ ፋሲካችንን የምንፈታበት ቁጥር ነው። ከአሸር ቁጥር ጋር ግን 1496 ዓመት ይለያያል። ምክንያቱም አሸር የተከተለው የዕብራይስጡን ንባብ ሲሆን፣ እኛ የምንከተለው ከሰብዓ ሊቃናት ጋር የሚስማማውን ንባብ ነው። ለምሳሌ አዳም ሴትን ሲወልድ በዕብራይስጡ 130 ዓመቱ ነው፤ በእኛ ግን 230 ዓመቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰባኪ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት «መጽሐፍ ቅዱስ የምድር ዕድሜ 6000 ነው ይላል» ሲለው ወጣቱ አሜን ካለ፣ ሳይታወቀው የራሱን ባሕረ ሐሳብ ትቷል።

ይህን ስንል የእኛው ቁጥር ከድንጋዩ ጋር ይስማማል ማለታችን አይደለም። አባቶቻችንም 5500ን ለበዓላት ስሌት ብቻ የተበጀ ቁጥር አድርገው አልቈጠሩትም፤ እውነተኛ ዘመን ነው ብለው ተቀብለውታል። በሚሊዮን ከሚቈጠር ዘመን ፊት 6000ም 7500ም እኩል ጥቂት ናቸው።

ወደ ኀዘኑ ነገር እንመለስ። ከዘመዶቻችን የአንዷ ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚደግም ልጅ ነበር። ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደ። በገባባት ከተማ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረች፣ አንድ የተማሪዎች መንፈሳዊ ማኅበር ተቀበለው። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ በብርድ ጊዜ ካፖርት ገዙለት፣ በበዓላቸው ከገበታቸው አስቀመጡት። ይህን ውለታ እናቱም እኛም አንክድም። ነገር ግን በየሳምንቱ በሚያሳዩት ምስልና በሚሰጡት ትምህርት፣ ምድር 6000 ዓመቷ ካልሆነ ክርስቶስም ከሙታን አልተነሣም የሚለውን ነገር አስጨበጡት። ልጁ ይማር የነበረው ስለ ምድር አፈጣጠርና ስለ ድንጋይ ነው። በሦስተኛው ዓመት መምህሮቹ ወደ ተራራ ወስደው ንብርብሩን በእጁ አስዳሰሱት፤ አንዱ ንብርብር የጥንት ባሕር ደለል፣ ከበላዩ ያለው ነፋስ የቈለለው የበረሓ አሸዋ፣ ከዚያም በላይ እንደ ገና የባሕር ደለል ነበር። የአንድ ዓመት ጎርፍ በመካከሉ በረሓ አያበቅልምና፣ ልጁ የተማረውን «ካልሆነ» ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደበት። በዚያው ዓመት በስቅለት ቀን ለእናቱ ስልክ ደውሎ ከእንግዲህ እንደማይጾም ነገራት።

እናቱ «ልጄን ሳይንስ ወሰደብኝ» ትላለች። እኛ ግን ልጁን ለዚህ ያበቃው ድንጋዩ ነው ብለን አናምንም። የትንሣኤን እምነት በድንጋይ ዕድሜ ላይ እንዲሰቅለው ያደረጉት ሰዎች ናቸው፤ ገመዱ ሲበጠስ ሁለቱም አብረው ወደቁ። እኛስ ከመሄዱ በፊት ምን ስንቅ ሰጠነው? ዳቦ ቆሎና በርበሬ በሻንጣው ሞልተንለት ነበር።

ድንጋዩ ስለሚናገረውም ጥቂት ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም የማናውቀውን ነገር ለልጆቻችን መቃወም ከባድ ነው። ድንቅነሽ በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ የተገኘችው በ1974 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑም ኖቬምበር 24 ነበር፤ የዳርዊን መጽሐፍ የወጣበት ዕለት መሆኑ አጋጣሚ ነው። ከአጥንቷ 40 ከመቶ ያህሉ ተገኝቷል፤ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ በሁለት እግሯ ቆማ የምትሄድ፣ የራስ ቅሏ ግን ትንሽ ነበረች። ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ልጆች «ይህን ማን ቈጠረው?» ይላሉ፤ ደግ ጥያቄ ነው። እሳተ ገሞራ በሚፈነዳበት ጊዜ በቀለጠው ድንጋይ ውስጥ ያለው አርገን የተባለው ጋዝ ተንኖ ይወጣል። ድንጋዩና አመዱ ከበረደ በኋላ ግን በውስጡ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ሳያቋርጥ ወደ አርገን ይለወጣል፤ ጋዙም መውጫ አጥቶ በዚያው ይጠራቀማል። የለውጡ ፍጥነት የታወቀ ስለሆነ የተጠራቀመውን ለክቶ አመዱ የወደቀበትን ዘመን ማወቅ ይቻላል። የሚለካው እንግዲህ አጥንቱ ራሱ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ያለው አመድ ነው።

ይህ ምርመራ የባዕድ ሰዎች ሥራ ብቻ እንዳይመስለን። በዲኪካ የተገኘችውን፣ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን የነበረችውን ሰላምን ያገኘው በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ነው፤ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷን አርዲ የመጀመሪያ ስባሪዎች ያየው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ነው። በኦሞ የተገኙት የዘመናዊ ሰው አጥንቶች ደግሞ በ2022 ዓ.ም. በወጣው ስሌት ከ230 ሺህ ዓመት የማያንሱ ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህ ሁሉ ከእኛው አፈር የወጡ ናቸው። አሜሪካዊው ሰባኪ በሩቅ ሆኖ ሊክዳቸው ይችል ይሆናል፤ የእኛ ልጅ ግን በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሄዶ በሙዚየም ያያቸዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሳለን ነገሩን ይዘን ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። በመጽሐፍ ትርጓሜ ያረጁ ሰው ናቸው። «አባታችን፣ ልጆቻችንን ምን እንበላቸው?» ብለን ጠየቅናቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር እንዳበጀው ተጽፏል፤ ጭቃውን ስንት ዘመን እንዳቦካው ግን አልተጻፈም» አሉ። ቀጥለውም ይህ የራሳቸው ሐሳብ እንጂ ጉባኤ የወሰነው አለመሆኑን አስጠነቀቁን። ከዚያ አንድምታን አነሡልን። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ቃል አንድ ጊዜ ይተረጕመዋል፤ ተማሪው ጨረስኩ ሲል «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምርበታል፤ ተማሪው ሁለቱን ተሸክሞ ይወጣል። «አንድም የማይገባበት ስፍራ ግን አለ» አሉን፤ እግዚአብሔር ሁሉን መፍጠሩ፣ ሰው በአርአያው መፈጠሩ፣ ቃል ሥጋ መሆኑ።

እኛም ከዚያ በኋላ ስናስተውለው፣ ጥያቄው ዳርዊን ሳይወለድ የነበረ ነው። በትምህርታችን ከእሑድ እስከ ዓርብ 22 ሥነ ፍጥረት ይቈጠራሉ፤ ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ቀናት ያለ ፀሐይ በምን ተለኩ ብለው የጥንት ሊቃውንት ጠይቀዋል፤ በምዕራብ አውግስጢኖስ ቀናቱን እንደ ተራ ቀን አላያቸውም። ታላቁ ባስልዮስ ቀናቱን እንደ ተጻፉ ተቀብሏቸዋል፤ እርሱም ቢሆን በዘጠነኛው ድርሳኑ ሙሴ የምድርን ቅርጽና ስፋት ሳይነግረን ያለፈው ለነፍሳችን ስለማያስፈልግ ነው ብሏል። ለአዳም የተሰጠው ተስፋም በአምስት ቀን ተኩል ሲነገር፣ አባቶቻችን 5500 ዘመን ብለው ተርጕመውታል።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር ተስማማ ብለን ልጆቻችንን አናታልልም። ሞት በአዳም በደል ወደ ዓለም ገባ ስንል፣ የአፋር ድንጋይ ደግሞ ከሰው በፊት እልፍ አእላፍ ፍጥረት እንደ ሞተ ያሳያል። አንዳንድ ሊቃውንት ሐዋርያው የተናገረው ስለ ሰው ሞት፣ ይልቁንም ከእግዚአብሔር ስለ መለየት ነው ይላሉ፤ ሌሎች በዚህ አይረኩም። እኛም በሙሉ ልብ የረካን አይደለንም። በሌላው በኩል ደግሞ አጥንቱን ካሳየን በኋላ «እንግዲህ ፈጣሪ የለም» የሚል መምህር ከሙያው ድንበር አልፏል፤ በአርገን የሚለካው የአመድ ዕድሜ ብቻ ነውና። በዩክሬን ተወልዶ በ1927 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የተሻገረው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ በዝግመተ ለውጥ ትምህርት በዘመኑ ከነበሩት ታላላቆች አንዱ ነበረ፤ ኦርቶዶክሳዊም ነበረ። በ1973 ዓ.ም. በጻፈው በታወቀው ጽሑፉ ፍጥረትንም ዝግመተ ለውጥንም አብሮ እንደሚቀበል፣ ዝግመተ ለውጥ ፈጣሪ የሚፈጥርበት መንገድ እንደሆነ መስክሯል። ይህን ስም ለልጃችን የነገርናት «ለፈተናው ያህል አጥኚው» ከማለት ይሻላል ብለን ነው። እርሷም ሄዳ አነበበችና ከእኛ የማንመልሳቸውን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች ይዛ መጣች፤ አሁን በወረቀት ተጽፈው ንስሐ አባታችን እስኪመጡ ይጠብቃሉ።

ያ የዘመዳችን ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። እናቱ መጀመሪያ በስልክ ታለቅስበት ስለ ነበር መደወሉን አሳንሶ ነበር። ባለፈው ክረምት ከንስሐ አባታችን ጋር ካገናኘናት በኋላ ማልቀሱን ተወች። አሁን እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ትደውልለትና በሳምንቱ ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳየ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ በምን እንደ ለካው ትጠይቀዋለች። እርሱም ያስረዳታል፤ ባለፈው እሑድ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳት፤ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ደግሞ ጾሙ የሚገባው መቼ እንደሆነ ጠየቃት።